አጫጭር ሥሮች

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ቦሚ።

ከሙዚቃ ክፍሉ የቆሻሻ ቅርጫት ያወጣችውን የሩዝ ከረሜላ ናሪ አፍንጫ ሥር ደቅናዋለች። ጠዋት ለናሪ የሰጠቻት፣ በቀይ ጥብጣብ የታሰረው ራሱ ነው። ጥርስ ላይ ሙጭጭ እንደሚለው ሁሉ ተፈታኙም በሚመኘው ትምህርት ቤት ላይ ይጣበቃል ተብሎ በፈተና ዋዜማ የሚሰጥ ነው። እንዲህ ያለውን ከረሜላ የሚጥል ሰው የለም።

«በላሁት አላልሽኝም? ‹ሲጣፍጥ!› አላልሽኝም?»

ናሪ ነገ ጆንጁ ከተማ ለሚገኘው የባህል ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተና አለባት። እሷ ባለ አሥራ ሁለት ክሩን ጋያጉም ስትደረድር፣ ከበሮ የምትመታላት ቦሚ ናት።

«እናቴ እጇ እስኪላጥ ነው ጎትታ የሠራችው። የሰፈር ከረሜላ ናቅሽ አይደል? በቃ፣ ነገ ሌላ ከበሮ መቺ ፈልጊ!» ቦሚ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

ናሪ «ተሳስቼ ነው የጣልኩት» ብትላት ይበቃ ነበር፤ ውሸት ቸግሯት አያውቅም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ናሪ ግን የምትደብቀው የዳነ በሽታ ነው። በአራት ዓመቷ የደም ካንሰር ይዟት ነበር። መድኃኒቱ ካንሰሩን አጠፋላት፤ ድዷ ውስጥ ገና በመሠራት ላይ የነበሩትን ጥርሶቿን ግን አልማራቸውም። አንዳንዶቹ ጭራሽ አልበቀሉም፤ ሌሎቹ ትንንሽ ሆነው ቀሩ፣ ሥራቸውም አጭር ነው።

«በደንብ ይዘዋል» ብሏታል የጥርስ ሐኪሟ ባለፈው ወር ራጁን እያየ። «መንጋጋሽ አድጎ ሲያበቃ የጎደሉትን እንተክላለን። እስከዚያው የሚያጣብቅ ነገር እንዳትነክሺ፤ መንጭቆ ነው የሚያወጣቸው።»

አንደኛ ደረጃ ሳለች ሁሉም ስለሚያውቅ እንደ እንቁላል ነበር የሚይዟት፤ ኳስ እንኳ አይወረውሩላትም ነበር። እዚህ ማንም አያውቅም። ይህን በጣም ትወደዋለች። ቦሚን ግን ከዚያ አብልጣ ትወዳታለች።

እየሮጠች አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ደረሰችባት።

«ቦሚ፣ አፌን እዪው።»

«አብደሻል እንዴ?»

«እዪው ስልሽ!»

ሰው በሞላበት ፌርማታ አፏን ከፈተች። ቦሚ የስልኳን መብራት አብርታ አጎንብሳ አየች።

«የሕፃን ጥርስ ነው እንዴ? እዚህ ጋ ደግሞ ጭራሽ የለም!»

ናሪ ሁሉንም ነገረቻት። አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ። የቦሚ ዓይን እንባ አቀረረ፤ ወዲያው ግን የናሪን ትከሻ ቡጢ አቀመሰችው።

«ስትስቂ አፍሽን የምትጋርጂው ለዚህ ነው? እኔ እኮ የምትኮሪ መስሎኝ ነበር! ጅል!»

ናሪ ትከሻዋን አሻሸች። ያማል፤ ደስም ይላል። እንቁላል የያዘ ሰው እንዲህ አይማታም።

በማግስቱ ጠዋት ቦሚ ከበሮዋን አዝላ የጆንጁው ትምህርት ቤት በር ላይ ስትጠብቃት አገኘቻት። ቦሚ ከኪሷ ሌላ ከረሜላ አወጣች።

«እናቴን ነገርኳት። ድሮ ወላጆች ልጃቸው ፈተናውን እንዲያልፍ በሩ ላይ ነበር የሚለጥፉት አለችኝ። ጥርስ ከሌለሽ በር አለልሽ!» ብላ በትንፋሿ አሙቃ ብረቱ ላይ ለጠፈችው።

«እናንተ ልጆች!» ብለው ጮኹ ዘበኛው። «ያንን ማን ሊፍቀው ነው?»

«እሷ ትፍቀዋለች ጋሼ! ካለፈች ሦስት ዓመት እዚሁ ናት!»

ናሪ ሳቋ አመለጣት። እጇ እንደ ልማዱ ወደ አፏ ተነሣ፤ መንገድ ላይ ግን ሐሳቧን ለወጠች። በዚያው እጇ የጋያጉሙን ማንገቻ ያዘችና እየሳቀች በሩን አለፈች።