ከማን ቤት የመጣ ውሃ

ፊላግሮስ በጓሮው መሠዊያ ሥር ተንጋሎ ሞቶ ተገኘ። ቀኝ እጁ አፈር ጨብጧል፤ ከጎኑ ውሃ የሞላ ጎድጓዳ ሳህን ተቀምጧል። ያገኘችው ልጁ ሚርቶ ናት። እናት የሌላት፣ ገና ያልጠነከረች ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር ብቻዋን ታየው? ዓይኗን የሚሸፍንላት እንኳ አልነበረም።

ወሬው ወዲያው ወደብ ደረሰ። አፈርና ውሃ ምን ማለት እንደሆነ በኬያ ደሴት የማያውቅ ሕፃን የለም። የፋርስ ንጉሥ መልእክተኞች መርከባቸውን አስረው የሚጠብቁት ይህንኑ ነው፤ አፈሩንና ውሃውን የሰጠ አገሩን ሰጠ። «አንሰጥም» የሚለው ወገን መሪ ደግሞ ራሱ ፊላግሮስ ነበር። ሸንጎው በዚያው ቀን ማምሻውን እጅ አውጥቶ ሊወስን ነው።

«በአደባባይ አንበሳ፣ በጓሮ ቀበሮ!» አለ አንድ ዓሣ አጥማጅ። «አማልክት ራሱን ከድንጋይ አጋጭተው ጣሉት።»

«እሱ ከሰጠማ እኛ ለማን ብለን ነው ልጆቻችንን የምናስጨርስ?» አለ ሌላው።

ከሃዲ መቃብር የለውም፤ ከገደል ወደ ባሕር ይወረወራል። ይህ ከመሆኑ በፊት ሸንጎው ሚካልዮንን ላከ። አንካሳ ሽማግሌ ነው፤ ጥያቄው ትንሽ፣ ዓይኑ ብዙ።

ሚካልዮን የሬሳውን ማጅራት ዳሰሰ። ከዚያ ጣቱን ከሳህኑ ውሃ ነክሮ ምላሱን አስነካ።

«የጉድጓዳችሁ ውሃ እንዴት ነው፣ ልጄ?»

«ጨው ነው፣ አባባ። አባቴ ወይን ካልገባበት አልጠጣም ይላል... እውነት ባሕር ውስጥ ይጥሉታል?»

«እህል ቅመሺ» አላት። ሌላ ምን ይበላት?

የሟቹ ወንድም አንታንድሮስ ዳገቱ ላይ ይኖራል። «ለንጉሡ እንገብር» እያለ ከፊላግሮስ ጋር በገበያ መሐል የተሰዳደበ ሰው ነው።

«መጀመሪያ ውሃ ስጠኝ፤ ዳገቱ ገደለኝ» አለ ሚካልዮን። የምንጭ ውሃ ነበር፤ ጥርስ ያቀዘቅዛል፤ ጣዕም የለውም። «ወንድምህን ገደልከው?»

«ጅል ብየዋለሁ፤ ያውም ሰው ሁሉ እየሰማ! ግን እሱ አፈር ሰጠ? ስጡ ያልኩት እኔ ነኝ እኮ! ደሴቱ በሙሉ ቢሰጥ እሱ አይሰጥም ነበር።» አንታንድሮስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«እንግዲያው ለደጁ የለቀስተኛ መታጠቢያ ውሃ ይዘህ ና። እስካሁን ያመጣ የለም።»

በፊላግሮስ አጥር ማዶ የሚኖረው ስትራቲዮስ ነው፤ የሟቹ ወዳጅ፣ በሸንጎ አጠገቡ የሚቀመጥ። እናቱ አሮጊቷ ፖሊዶራ ጥግ ይዛ ትፈትላለች።

«ጉሮሮዬ ደረቀ» አለ ሚካልዮን፤ ጠጥቶም አመሰገነ። «ሽታው ደስ ይላል።»

«የዝናብ ነው። ጋኑን በዝፍት ስለለቀለቅሁት ነው። በደሴቱ እንደዚህ ያለ ሌላ የለም።»

«ፊላግሮስም ይቀዳ ነበራ?»

«እሱ? ያ ኩሩ! በጨው ይሞታል እንጂ የሰው ውሃ አይለምንም። እኔም አሞኝ ስለነበር ደጁን ከረገጥኩ ሰነበትኩ።»

የፖሊዶራ እንዝርት ቆመ። ቀና ብላ ግን አላየችም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሽማግሌዎቹና ጎረቤቱ ሁሉ በፊላግሮስ ጓሮ ተሰበሰቡ። አንታንድሮስ የሰው ግልምጫ እየተከተለው፣ እንስራ ተሸክሞ ከዳገቱ ወረደና በሩ ላይ አኖረው።

«አፈርና ውሃ የሚያቀርብ ሰው ፊቱን ወደ መሠዊያው አዙሮ ይቆማል፤ ቢወድቅ የሚሰበረው ግንባሩ ነው» አለ ሚካልዮን። «የፊላግሮስ የተሰበረው ግን ማጅራቱ ነው። ፊት ለፊት ገፍተው ነው የጣሉት።»

«ከሃዲን መግደል ወንጀል ነው እንዴ?» አለ ስትራቲዮስ።

«ቆይ። አገሩን የሚሰጥ ሰው የራሱን አፈርና የራሱን ውሃ ነው የሚሰጠው። አፈሩ የዚህ ጓሮ ነው። ውሃው ግን ጨው የለውም። ጉድጓዱ እዚሁ አጠገቡ እያለ ለምን ከሌላ ቤት ውሃ መጣ?»

ሚካልዮን በሩ ላይ ወዳለው እንስራ አመለከተ።

«ይኸን አንታንድሮስ ለምን ከዳገት ተሸክሞት መጣ? ሬሳ ያለበት ቤት ውሃው ስለሚረክስ፣ ለቀስተኛ የሚታጠብበት ከሌላ ቤት ይመጣል። ሳህኑን የሞላውም ሰው ይህንኑ ልማድ ነው የፈራው። ስለዚህ ውሃው ሲመጣ ፊላግሮስ ሞቷል፤ ያመጣውም መሞቱን ያውቃል። መግደሉ አላስፈራውም፤ የሬሳ ቤት ውሃ መንካቱ አስፈራው።»

ሳህኑን አንስቶ ለሽማግሌዎቹ አሳለፈ። የመጀመሪያው አሸተተና፣ «ዝፍት!» አለ።

«ከእኔ ቀድቶ ይሆናል...» አለ ስትራቲዮስ።

«የሰው ውሃ አይለምንም ያልከኝ አንተው ነህ።»

ስትራቲዮስ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ልጄ በፋርሶቹ እጅ ነው። የሚሊጦስ ከተማ ስትወድቅ ማረኩት። ደሴቲቱ ከተሰጠች እንመልሰዋለን አሉኝ። ፊላግሮስን እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። ‹ልጅ ያለህ አንተ ብቻ ነህ?› አለኝ። ገፋሁት... ከወደቀ በኋላ እሱ የሰጠ ከመሰለ ሌላውም ይሰጣል ብዬ አሰብኩ።»

ማምሻውን ሸንጎው «አንሰጥም» ብሎ እጁን አወጣ፤ ነገ የሚመጣውን መርከብ ብዛት የሚያውቅ አልነበረም። ፊላግሮስ በአባቶቹ መቃብር ተቀበረ። ስትራቲዮስን ወደ ገደሉ ወሰዱት።

ፖሊዶራ በሯ ላይ ባዶ እንስራ አስቀምጣ ቆመች።

«ለእኔ ቤትስ ውሃ የሚያመጣ የለም?»

ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ አለፈ። ሚርቶ ብቻ ቆመች። ወደ አሮጊቷ አየች፤ ወደ ገዛ ቤቷ ጉድጓድም አየች። የእሷም ውሃ ገና ርኩስ ነበር።