ጎኑ ከፍ ያለው ሣጥን

ሰዓት ጠጋኙ ሽማግሌ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ጉልበታቸው እንደታጠፈ እንጨት ሆኗል። መርማሪዋ አጠገባቸው ያለውን የሻይ ብርጭቆ አሸተተችና ፊቷን አጨማደደች።

«ማን አፈላው?»

«እኔ፣ ትናንት አመሻሽ ላይ» አለች ልጃቸው። «አፍልቼለት ወደ ቤቴ ሄድኩ። ጠዋት እንዲህ ሆኖ ሳገኘው በሩን ቆልፌ ለእናንተና ለአጎቴ ልጅ ደወልኩ።»

የአጎቷ ልጅ ወረቀት እያውለበለበ ገባ። ላየው ሰው ሟቹ ተነሥተው እንዳያመልጡት የፈራ ይመስል ነበር።

«አጎቴ ስለ ሬሳቸው እንድወስን በሕግ የወከሉት እኔን ነው! ከቀትር በፊት ይቃጠላሉ።»

ወረቀቱን መርማሪዋ ተቀብላ አነበበችው፤ ማኅተምም ምስክርም ያለው፣ እውነተኛ ውክልና ነበር።

«ሳይመረመር ከተቃጠለማ አባቷን መርዛ ገደለች ተብዬ መቅረቴ ነው!» ጮኸች ልጅቷ። «ደግሞ ትናንት ውክልናውንም ሱቁንም ወደ እኔ ሊያዞር እንደሆነ ነግሮህ የለም?»

«ሻዩን ያፈላሽው አንቺ!»

በዚህ መሐል አናጢው የሬሳ ሣጥን እየገፋ መጣ። ጎኑ ከፍ ከማለቱ የተነሣ ጥጃ አቁሞ ያሳድራል።

«ጋሼ፣ ይሄ ሣጥን ነው ቤት?» አለች መርማሪዋ።

«ምን ላድርግ ልጄ፣ የሽማግሌው ጉልበት አይዘረጋምና ከፍ አድርገው ብሎ ጠዋት በስልክ ያዘዘኝ እሱ ነው» አለ የአጎቷን ልጅ እየጠቆመ።

መርማሪዋ በሩን ዘጋችና ሦስቱንም አስቀመጠቻቸው።

«ስትደውዪለት ምን አልሽው?»

«አባዬ ሞተ፣ ና። ከዚያ ለቅሶ አላናግር አለኝ፣ ዘጋሁት።»

«አንተስ የት ነበርክ?»

«ሌላ ከተማ! ከአውቶቡስ መውረዴ ነው።»

«ሽማግሌ ሞተ ሲባል ሰው አልጋ ላይ ተጋድሞ ነው የሚታየው። ወንበር ላይ ታጥፈው መድረቃቸውን አንተ ከየት አወቅህ? ማታ ሻዩ ውስጥ መርዝ ጨመርክ። ሊነጋጋ ሲል በእንቅልፍ የሞቱ ለማስመሰል አልጋ ላይ ልታስተኛቸው ተመለስክ። አልዘረጋ አሉህ። ጠዋት ሣጥኑን ስታዝ ያ ጉልበት ከዓይንህ አልጠፋም።»

ሰውየው ላብ በላብ ሆነ። «ቢሆንም… ወኪሉ እኔ ነኝ! ይቃጠላሉ!»

«ታስረህ?» ካቴናውን አጠለቀችለትና ወረቀቱን ለልጅቷ ሰጠቻት። «ከታች አንብቢው። ወኪሌ መወሰን ካልቻለ ልጄ ትወስን ይላል።»

ልጅቷ እንባዋን ጠረገች።

«መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ከዚያ ከእማዬ ጎን እቀብረዋለሁ። ቸኩሎ የሚሄድበት የለውም።»