ቪትዟን ድንጋይ የጫንኩባት ቀን

እኔ ያልመዘንኩትን የማልገዛ ሰው ነኝ። ጅግጅጋ ገበያ ውስጥ ነው ያደግሁት፣ ከዱቄት ወተት እስከ ቻርጀር፣ ከሽርጥ እስከ ሩዝ ያልነገድኩት የለም፣ ሰው "እንዲህ ያለ ነገር አየሁ" ብሎ ሲጀምር መጀመሪያ የማስበው ምን ሊሸጥልኝ ፈልጎ ነው የሚለውን ነው። ጂን አለ፣ ቁርኣን ላይ አለ፣ እሱን አልክድም፣ ግን ያን ሁሉ ምድር ትቶ ካራማራ ላይ እኔን የሚጠብቅበት ምክንያት ኖሮት አያውቅም ነበር። ነጋዴ "ወላሂ" ካለ ዋጋውን በግማሽ ቀንስ ይባላል፣ ስለዚህ አልምልልህም፣ ዝም ብለህ ስማኝና የፈለግከውን ያህል ቀንሰህ ውሰድ።

ነገሩን ለመረዳት ግን መኪናዬን ማወቅ አለብህ። ትንሽ ቪትዝ ነበረችኝ፣ ለሥራ የተዘጋጀች። "ለሥራ" ስልህ ይገባሃል፣ በእኛ ንግድ ኬላ ላይ የቆመ ፈታሽ ዕቃ መጫኛህን ከመክፈቱ በፊት የመኪናህን ቂጥ ነው የሚያየው፣ ቂጧ መሬት ከነካ ጭነሃል ማለት ነው፣ ውረድ ትባላለህ። ስለዚህ ጋራዥ ሄደህ የኋላውን ሞላ በጠንካራ ታስቀይራለህ፣ መሃሉ ላይ ጎማ ታስወትፋለህ፣ ጎማዎቹን እንደ ከበሮ እስኪነፉ ታስሞላለህ፣ ከዚያ እስከ ጣሪያው ብትጭናት እንኳ ባዶ ትመስላለች። ክፋቱ፣ ባዶ ስትሆን ደግሞ ቂጧን ሰቅላ እንደተቆጣች ጊንጥ ነው የምትሄደው። ማን ግድ አለው፣ ነጋዴ ባዶ መኪና ይዞ የት ይሄዳል?

ሌላም ምልክት ነበራት። ወደ ድንበሯ ከተማ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለታም ድንጋይ የኋላ ግራ ጎማዋን ቦጭቆት ነበር፣ ጎሚስታው አገላብጦ አየና "ይሄ ጎማ ሰው አይገድልም፣ ያሳፍራል እንጂ" ብሎ መለሰልኝ። ከዚያ በኋላ ጭቃ ላይ ስትሄድ ጎማው በዞረ ቁጥር እንደ ወለቀ ጥርስ ክፍት ቦታ ያለው ዱካ ትተዋለች፣ የሰፈር ልጆች ዱካውን አይተው "ከድር ገብቷል" ይሉ ነበር።

ኮሮና ጋብ ያለ ሰሞን ነው። ባለቤቴ ራህማ አርግዛ ነበር፣ ከዚያ በፊት ሁለቴ ይዞ ሳይፀና ቀርቶብናል፣ ይሄኛው እስከ መጨረሻው ሲደርስ እኔ ደስታዬን እንኳ ጮክ ብዬ መናገር እፈራ ነበር። የመጀመሪያ ልጅ እናት ጎን ነው የሚወለደው ተብሎ ከካራማራ ወዲያ ቦምባስ፣ እናቷ ቤት ሄዳ ነበር። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ አማቴ እማ ፋጡማ ደወለችልኝ፣ ሽርት ውሃው ፈስሷል፣ አዋላጇ ልጁ በጎን ነው የተኛው፣ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል፣ ዛሬውኑ ጅግጅጋ ሆስፒታል ካልደረሰች ሁለቱንም እናጣለን ብላለች፣ አምቡላንሱ ደግሞ ሌላ ወላድ ይዞ ሄዷል። ዕቃውን ሁሉ ሱቅ በር ላይ ዘርግፌ፣ መኪናዋን ባዶ አድርጌ በረርኩ። ተመልከት፣ ባዶ አድርጌ።

ስሄድ ካራማራ ላይ ፀሐይ ነበር። ራህማን የኋላ ወንበር ላይ አስተኝተን፣ አማቴ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ስንመለስ ግን ተራራው አናት ላይ እንደ ከሰል የጠቆረ ደመና ተጭኖበታል። ጫፉን አልፈን ቁልቁለቱን እንደያዝን ወረደ። ዝናብ አልነበረም፣ በረዶ ነው፣ ጣሪያውን ሲደበድበው የምትናገረውን ራስህ አትሰማም፣ አስፋልቱ ዓይኔ እያየ ነጭ ሆነ። እኛ የጅግጅጋ ሰዎች በረዶ የምናውቀው ጭማቂ ቤት ብርጭቆ ውስጥ ነው፣ በላዩ ላይ መኪና የነዳ ዘመድ የለኝም። ደነገጥኩና ፍሬን ረገጥኩ።

አደራህን፣ በረዶ ላይ ፍሬን አትርገጥ። ያቺ የተሰቀለች ባዶ ቂጥ ዞረች፣ ቀስ ብላ፣ እንደ ሙሽራ፣ ዞረችና ስንቆም አፍንጫችን ወደ መጣንበት ነበር።

"ከድር" አለች አማቴ፣ መቁጠሪያዋን ጨብጣ፣ "ልጄን ወደ ቤት መልሳት ብዬሃለሁ እንዴ?"

ራህማ ከኋላ "እማ ተይው" አለች፣ ከዚያ ምጧ መጣና ወንበሩን ነከሰች።

የዚያን ጊዜ ነው የገባኝ። ስንት ዓመት ጭነቴን ለመደበቅ ያሰራሁት ሞላ አሁን ሚስቴን ሊገድልብኝ ነው፣ ኋላዋ ስለቀለለ ጎማው መሬቱን አይጨብጥም። ወረድኩ፣ በረዶው ጭንቅላቴን እየቀጠቀጠኝ የጎማዎቹን ንፋስ በቁልፍ ጫፍ እስኪለሰልሱ ድረስ አስተነፈስኩ፣ ከዚያ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ እየፈነቀልኩ ዕቃ መጫኛው ውስጥ መጫን ጀመርኩ። እጄ ደነዘዘ፣ ጥፍሬ ተነቀለ፣ እያለቀስኩ ነበር፣ ግን ሳቅም መጣብኝ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የጫነች መኪና ባዶ ለማስመሰል የለፋሁ ሰው ድንጋይ ጭኜ ቂጧን መሬት ለማስነካት አላህን እየለመንኩ። በመጨረሻ ጎበጥ አለች። በዚያ ሁሉ ጊዜ፣ ልብ በል፣ አንድም መኪና አላለፈንም።

እንደምንም አዞርኳት። በረዶው በአንድ ጊዜ ቆመ፣ ፀጥ አለ፣ ጆሮህን የሚያምህ ዓይነት ፀጥታ። መስታወቱ በትንፋሻችን ስለተደፈነ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ አንደኛ ማርሽ አስገባሁ፣ እግሬን ከፍሬኑ አራቅሁ፣ መሪውን እንደ እንቁላል ይዤ መውረድ ጀመርን። ያኔ ነው ፊት ለፊታችን የጎማ ዱካ ያየሁት። ሁለት ጠባብ መስመር፣ የትንሽ መኪና፣ ትኩስ፣ በረዶውን ጨፍልቆ አስፋልቱን ገልጦታል። አልሃምዱሊላህ አልኩ፣ በተገለጠው ላይ ጎማ ይጨብጣል፣ ገባሁበት። ማን ነው ያለፈን ብዬ አልጠየቅሁም፣ የሰመጠ ሰው ገመዱን ማን እንደወረወረው አይጠይቅም።

ትንሽ እንደሄድን ድምፅ ሰማሁ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ፍሬቻ ነው።

"ያንን ነገር አጥፋው፣ ራሴን አዞረኝ" አለች አማቴ።

"አልበራም እኮ፣ እማ።" አላበራሁትም። አበራሁት፣ አጠፋሁት፣ ያው ነው፣ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ እና እመነኝ፣ ድምፁ ከእኛ መኪና ውስጥ አልነበረም፣ ከፊት ነበር የሚመጣው፣ በረዶው ትቶት ከሄደው ነጭ ጉም ውስጥ።

ከዚያ የራህማ ጩኸት ተሰማኝ። "ከድር! ከድርዬ!" አለች፣ መጨረሻው ላይ ድምፅዋ ተሰበረ።

"አይዞሽ የኔ እናት፣ ደረስን" አልኳት።

"ምን አልኩ?" አለች ከኋላ፣ ቀስ ባለ ድምፅ። "አልተናገርኩም እኮ።"

አማቴ ዞራ አየችኝ። ሁለታችንም ሰምተናል። ጥቂት እንደሄድን ምጡ ራህማን ያዛትና ጮኸች፣ "ከድር! ከድርዬ!"፣ ያው ጩኸት፣ ያው ቦታ ላይ የተሰበረ። አማቴ ከቁርኣን አየተል ኩርሲን መቅራት ጀመረች፣ እኔ አንገቴን ይበልጥ አውጥቼ መንገዱ ላይ አፈጠጥኩ፣ ሌላ የማይበት ነገር ስላልነበረኝ ዱካውን አየሁ። በግራው መስመር ላይ፣ ጎማው በዞረ ቁጥር፣ እንደ ወለቀ ጥርስ የሆነች ክፍት ቦታ።

የተቦጨቀ ጎማ በዓለም ላይ የእኔ ብቻ ነው እንዴ፣ አልኩ። ቪትዝ እንደ ፍየል የበዛበት አገር ነው፣ አልኩ። ለራሴ ስንት ነገር ሸጥኩለት፣ አልገዛኝም።

ወዲያው ቀጭ ቀጩ ቆመ። ምን እንደሆነ ሳላውቅ ነዳጁን ለቀቅሁ፣ ፍሬን አልረገጥኩም፣ ማርሹ ብቻ እየያዛት፣ ድንጋዩ ከኋላ እየጎተታት፣ እየተንፏቀቀች፣ እየተንፏቀቀች ቆመች። ወርጄ አየሁ። መንገዱ እዚያ ጋ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ዱካው አልታጠፈም። ቀጥ ብሎ እስከ ጠርዙ ሄዷል፣ የመጨረሻዋ የጥርስ ምልክት ግማሿ አፋፉ ላይ ናት፣ ግማሿ የለችም። ወደ ታች አየሁ። ገደሉ ነጭ ነው፣ ቁጥቋጦው ሁሉ በረዶ እንደለበሰ፣ አንድ ቅርንጫፍ አልተሰበረም፣ መኪና የለም፣ ሰው የለም።

"ለምን ቆምን?" አለች ራህማ።

"መንገድ እያየሁ ነው።"

አማቴ መስታወቷን ዝቅ አድርጋ ዱካውን እስከ ጠርዙ ድረስ በዓይኗ ተከተለችው። ከዚያ መስታወቱን መለሰችና "ንዳ" አለች።

ያልተነካውን በረዶ ይዤ ታጠፍኩ። እንዴት እንደወረድኩ አትጠይቀኝ፣ የማስታውሰው ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ነው። ግርጌው ላይ ኢሱዙ ቆሟል፣ ሾፌሩ ሽርጡን እስከ ትከሻው ተከናንቦ ከረዳቱ ጋር መንገዱ መሃል ላይ ነበር፣ ልንመታው ትንሽ ሲቀረን ዘሎ ወጣ።

"ዋርያ! ከየት ነው የመጣኸው አንተ?"

"ከላይ ነዋ!"

"ከላይ ማንም አልወረደም። መጀመሪያ የሚወርደውን አይተን ልንወጣ እዚህ ቆመን ዓይናችንን ከመንገዱ ላይ አልነቀልንም።" ከዚያ እጁን ወደ ኋላዬ ዘረጋ። "በአየር ነው የመጣኸው? የታለ ዱካህ?"

ዞሬ አየሁ። በረዶው ቆሟል ብዬሃለሁ፣ አዲስ የወደቀ የለም። ከኩርባው እስከ እኛ ያለው መንገድ እንደተተኮሰ ነጠላ ነጭ ነበር።

ሾፌሩ እየሳቀ ወደ መኪናዬ ጎንበስ አለ፣ ራህማን አየና ሳቁ ጠፋ። "ሂድ ወላሎ፣ ሂድ ወንድሜ፣ አላህ ይርዳህ" አለ፣ ይህን ያለው ግን ከመኪናዋ ወደ ኋላ እየሸሸ ነው።

ሆስፒታል ደረስን። ወዲያው አስገቧት፣ እኔ ኮሪደሩ ላይ በደነዘዙ እጆቼ ፊቴን ሸፍኜ ተቀመጥኩ። ሴት ልጅ ናት። ስትወጣ አላለቀሰችም ነበር፣ ብዙ ቆይታ አለቀሰች፣ የራህማም ነፍስ ተረፈች። አማቴ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና ያንን ቀን በሚመለከት እስከ ዛሬ የተናገረችውን ብቸኛ ነገር ተናገረች።

"ያንን ኩርባ አልፋችኋል ወይ ብሎ የሚጠይቅህ ሰው ካለ፣ አልፈናል በለው።"

በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። በረዶው ቀልጧል፣ መንገዱ ደረቅ ነው፣ ፍየሎች ይሻገራሉ። ጠርዙ ላይ ስባሪ የፍሬቻ መስታወት አገኘሁ፣ ብርቱካናማ። የእኔዎቹ ሁሉም ሙሉ ነበሩ፣ ደግሞ ያ መንገድ ስባሪ የማይጠፋበት መንገድ ነው፣ አውቃለሁ። ስባሪውን ወደ ገደሉ ወረወርኩት፣ ሲወድቅ ድምፁን አልሰማሁም።

ሞላውን አስቀየርኩ። ድንጋዮቹን ግን እስከ ዛሬ አላወረድኳቸውም። ኬላ ላይ ፈታሾቹ "ምንድን ነው የጫንከው?" ይላሉ፣ "ድንጋይ" እላለሁ፣ አያምኑም፣ አንድ በአንድ ያወርዱና ከሥሩ ምንም ሲያጡ ይናደዳሉ፣ እኔም አንድ በአንድ መልሼ እጭናለሁ። ጓደኞቼ ይስቁብኛል፣ ይሳቁ።

አሁን ልጄ ትሮጣለች። ባለፈው ክረምት ጅግጅጋ ከተማ ውስጥ በረዶ ጣለ፣ ግቢያችን ነጭ ሆነ፣ እሷ እየሳቀች በባዶ እግሯ ወጥታ ከዳር እስከ ዳር ሮጠችበት፣ "አባ ና! እማ ነይ!" እያለች። እኔና ራህማ በሩ ላይ ቆመን ነበር። ለራህማ ያየሁትን ነግሬያት አላውቅም፣ እናቷም እንዳልነገረቻት እምላለሁ፣ ይሄን እንኳ እምላለሁ። ግን እጄን ያዘችኝ፣ አጥብቃ። ልጅቷ ከሮጠችበት በረዶ ላይ ዓይኔን አነሳሁ፣ እሷም አነሳች፣ የእግሯ ዱካ ይኑር አይኑር መሬቱን ሳናይ፣ እርስ በርስ እየተያየን፣ ፀሐይ ወጥታ እስኪያቀልጠው ድረስ እዚያው ቆምን።