ስልሳ አንደኛው ወረቀት

የቦይለር ሠራተኛው ወንድሙ ማክሰኞ ጠዋት ሞተ፤ ከመናኸሪያ ጀርባ ባለው ሳሙና ፋብሪካ አሮጌው ቦይለር ፈንድቶበት። መርማሪው ሻምበል ፍቅርተማርያም ሲደርስ ሬሳው በአቡጀዲ ተሸፍኗል። ከቦይለሩ ክፍል ውጭ፣ ግድግዳው ላይ፣ ከኮምፒውተር የወጣ ወረቀት ተለጥፏል፦ የግፊት ልክ 8። ግርጌው 2-4-62 ይላል።

«እሱ ግፊቱን 12 አደረሰው» አለ የምርት ኃላፊው ታምሩ፣ ዓይኑን እየጠረገ። «አበልጄ ነበር፤ ልጁን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። ግን ጥፋቱ የራሱ ነው።»

ጸሐፊዋ ብርቅዬ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የኮምፒውተሩ ክፍል ቁልፍ ሚስማር ላይ ነው የሚውለው። እኔም ጓድ ታምሩም እናነሳዋለን። ሰኞ ዕለት ጓድ ታምሩና ወንድሙ ተጨቃጭቀዋል። ወንድሙ ‹ዕቅዱ ባይሞላም ከ8 አላሳልፍም› ሲል ሰምቻለሁ።»

የቦይለሮቹን ልክ የሚያወጣውን የኮምፒውተር ፕሮግራም የሠራው ጉልላት እኩለ ቀን ላይ ከአዲስ አበባ ገባ፤ ሻንጣውን እንኳ አላስቀመጠም።

«ቁጥሩን አስረዳኝ» አለው ሻምበሉ።

«2 አሮጌው ቦይለር ነው፤ አዲሱ 1 ነው። 4 እትሙ ነው፤ እሱን እኔ እጽፈዋለሁ። የመጨረሻውን ግን ማንም አይጽፈውም። ፕሮግራሙ ተለውጦ እንደገና በተሠራ ቁጥር ማሽኑ ራሱ አንድ ይጨምራል። ሠራተኛው ትልቁ ቁጥር ያለበትን ወረቀት ይከተላል።» ወረቀቱን ሲያይ ደነገጠ። «ቅዳሜ ስሄድ 60 ነበር!»

የወንድሙ እናት ወይዘሮ ዘነበች አንድ የታጠፈ ወረቀት ከጉያቸው አወጡ።

«መሠረተ ትምህርት ገብቻለሁ፤ ልጄ ወረቀት ሲለወጥ አሮጌውን ያመጣልኛል፣ በጀርባው እጽፋለሁ። ይሄን ትናንት ማታ ነው ያመጣልኝ። ሻምበል፣ በጥፋቱ ሞተ ተብሎ እንዳይጻፍ፣ አደራ! ነገ የልጅ ልጄ ያነበዋል።»

ልክ 8። ግርጌው 2-4-60።

ሻምበሉ ሁሉንም ቢሮ ውስጥ ሰበሰበ።

«60 ትናንት ከግድግዳው ወርዷል። ዛሬ የተለጠፈው 62 ነው። በመካከል 61 ነበር፤ ወንድሙ የሞተው እሱን አምኖ ነው። 61 የአሮጌውን ቦይለር ቁጥር ይዞ የአዲሱን ልክ ያዝዝ ነበር፦ 12። ከፍንዳታው በኋላ ግን ይህን የለወጠው ሰው 12ን ወደ 8 መለሰና አዲስ ወረቀት አወጣ። 61ን አጥፍቶታል። ወንድሙ ይበልጥ እንዲያምነው ብሎ እትሙንም 5 አድርጎት ነበር።»

«ውሸት!» አለ ታምሩ። «4ን አልነካሁም፤ እንደነበረ ነው የተውኩት!»

ሻምበሉ ወደ ታምሩ ዞረ።

«እኔም አልተነካም ባይ ነኝ» አለ ሻምበሉ። «አንተ ግን የጠፋውን 61 ከየት አወቅህ?»

«ይፈነዳል አላልኩም... ዕቅዱ እንዲሞላ ብቻ...» አለ ታምሩ።

«አንተ የሰጠኸውን ነው ያመነው» አሉ ወይዘሮ ዘነበች።

ሻምበሉ የወይዘሮ ዘነበችን ወረቀት በማስረጃነት ሊያስቀምጥ ሲል ገለበጠው። በጀርባው፣ በእርሳስ፣ በተንጋደደ ፊደል ሦስት ስሞች ተጽፈዋል፦ ዘነበች፣ ወንድሙ፣ ታምሩ።

«ልጄ የቤተሰብሽን ስም ጻፊ ብሎኝ ነው» አሉ። «እስክሪብቶዎን ያውሱኝ።»

ሻምበሉ አልከለከላቸውም። የታምሩ ስም ሦስት ፊደል ብቻ ነው፤ ሰርዘው እስኪጨርሱ ግን ብዙ ቆዩ።