የያዘችልኝ፦ ቁንጫ

ቁንጫ ሦስተኛው መስመር ላይ «ምንም» ብላ ጻፈችና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

መምህሩ ሰሌዳው ላይ የጻፉት ናሙና ገና አልጠፋም። «ከዚህ ፕሮጀክት ትዕግሥትን፣ የቡድን ሥራንና በራስ መተማመንን ተምሬአለሁ።» ክፍሉ በሙሉ አንገቱን ደፍቶ እሱኑ ይገለብጣል። የፊታችን ዓርብ የወላጆች ቀን ነው። እያንዳንዱ ተማሪ የዓመቱ ሦስት ፕሮጀክቶች ከተደረደሩበት ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ «ምን ተማርኩ?» የሚለውን ገጹን ያነባል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አላስቸገሯትም። «ከሳሙናው፦ ጓንት ሳያደርጉ ማማሰል እንደማያዋጣ ተማርኩ። ጣቶቼ ሳምንት ሙሉ ተላልጠዋል።» «ከካርታው፦ ከቤቴ እስከ ትምህርት ቤት ስምንት መቶ አርባ እርምጃ መሆኑን ተማርኩ። ጓደኛዬ ሬዲዮ ግን እያወራች ስለምትቆጥር አንድም ቀን አልገጠመላትም።» ሦስተኛው ፕሮጀክት በርጩማ ነበር።

«አንቺ ቁንጫ! አበድሽ እንዴ?» አለች ሬዲዮ፣ አንገቷን አስግጋ ገጿን ሰርቃ እያየች።

ሬዲዮ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብራት የምትቀመጥ ጓደኛዋ ናት። ስሙ የወጣላት አፏ ስለማይዘጋ ነው። እሷን ቁንጫ ያላት ደግሞ አባቷ ነው፤ በልጅነቷ አንድ ቦታ አትረጋም ነበር። ሰፈሩም ትምህርት ቤቱም ከአባቷ ተቀበለው።

«ገልብጪና ተገላገይ። ሠላሳ ከሠላሳ ያገኘንበት እኮ ነው!»

«ያገኛችሁበት።»

«ስምሽ አለበት።»

«እሱ ነው ያንገበገበኝ።»

በርጩማው መስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። አዲስ ቫርኒሽ ተቀብቶ ያብለጨልጫል፤ ከሥሩ የአምስት ተማሪዎች ስም የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፏል። ከአምስቱ አንዳቸውም አልሠሩትም።

የሠራው አባቷ ነው። አናጺ ነበር። ሲታመም ከትምህርት ቤት እየቀረች አስታመመችው፤ ከሞተ በኋላም ሁለት ሳምንት ከቤት አልወጣችም። የበርጩማው ፕሮጀክት የተሰጠው በዚያ መሐል ነው። የቡድኑ ልጆች ጣውላ ፈልገው ሞክረዋል፤ አንዱ እግር አጠረ፣ ሌሎቹን ከእሱ ጋር ለማስተካከል ቆረጡ፣ ደግሞ ሌላው አጠረ፤ በርጩማው ወርዶ ወርዶ የእግር መርገጫ አከለ። ማስረከቢያው ሲደርስ ሬዲዮ ቁንጫንና እናቷን ልትጠይቅ መጣችና፣ ቁንጫ ውስጥ ተኝታ ሳለ፣ በረንዳው ላይ ያለውን በርጩማ አየች። «እትዬ፣ ለቡድናችን ፕሮጀክት...» ብላ ስትጀምር የቁንጫ እናት አላስጨረሰቻትም። «ለእሷ ቡድን ከሆነማ ውሰጂው እንጂ ልጄ» አለቻት። እንደ ናሙና የሚያዩት መስሏት ነበር። ሠራነው እንደሚሉ ማን ነገራት?

ቁንጫ ወደ ክፍል በተመለሰች ቀን ገና ከበሩ ነው ያወቀችው። አንደኛው እግሩ ላይ ዓይን የምትመስል ጉጥ አለች። አባቷ ሲልገው «ይቺ እያየችን ነው፤ ማጭበርበር የለም» ብሎ ስቆ ነበር።

የመጨረሻ ሥራው ነው። እርሳሱን ሁልጊዜ ጆሮው ላይ ይሰካ ነበር፤ በዚያ ሰሞን ግን በጣም ከስቶ ስለነበር እየሾለከ ይወድቅበት ጀመር። እሷ ከመሬት ታነሳለች፣ ትሰጠዋለች፣ መልሶ ይወድቃል። አራተኛው ላይ «አንቺው ያዢው» አላት። ጆሮዋ ላይ ሰካችው። ሁለቱም ሌላ ቃል ሳይናገሩ መሥራት ቀጠሉ።

አባቷ አንድ ልማድ ነበረው። ረጅም ጣውላ ሲቆርጥ ሌላውን ጫፍ ሰው እንዲይዝለት ይፈልጋል። እንጨት ጨምድዶ የሚይዘውን ብረት አስበው «ሞርሳ የለህም ወይ?» ሲሉት «ሞርሳ ይይዛል እንጂ አይጫወትም» ይላል። ሥራው አልቆ መሬት ላይ ሳይነቃነቅ ሲቆም ይገለብጠውና የያዘለትን ሰው ስም ከሥሩ በእርሳስ ይጽፋል። የራሱን አይጽፍም። ሳይቆም ደግሞ ማንም ቢለምነው አይጽፍም። «መጀመሪያ ይቁም!»

ልጆቹ ወረቀቱን የለጠፉት በዚያ ጽሑፍ ላይ ነው። አላዩትም፤ ወይም አይተው የእንጨት ነጋዴ ምልክት መስሏቸዋል።

መምህሩ በዴስኮቹ መሐል እየተዘዋወሩ አጠገቧ ደረሱ። ገጹን አንስተው አነበቡ።

«ይሄ ‹ምንም› ምንድን ነው?»

«መልሴ ነው፣ ቲቸር።»

ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ አልሳቁም፤ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ይህን ድምፅ ታውቀዋለች። አባቷ ከሞተ ወዲህ ሰው ሁሉ ለእሷ የሚያወጣው፣ የተኛ ሕፃን አጠገብ የሚወራበት ዓይነት ድምፅ ነው።

«ሐዘን ላይ እንደነበርሽ አውቃለሁ። ጓደኞችሽ ስምሽን ሲያስገቡልሽም ዝም ያልኩት ለዚሁ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር እኮ ነው። ለእናትሽ ስትይ ጻፊው።»

«ለእናቴ ስል ነው የማልጽፈው።»

ሬዲዮ ከዴስኩ ሥር እግሯን ረገጠቻት። ቁንጫ ብድግ አለች።

«ስሜ ይውጣልኝ። ማርኩንም ይውሰዱት። እኔ አልነበርኩም።»

«የሌሎቹስ?»

«ስለ ሌሎቹ ሌሎቹን ይጠይቁ።»

መምህሩ ትንሽ አሰቡና እጃቸውን ወደ መስኮቱ ዘረጉ። «እሺ። ሂጂና ራስሽ ሰርዢው።»

ሄዳ በርጩማውን ገለበጠችው። የራሷን ስም ብቻ ልትሰርዝ ነበር፤ እውነቷን ነው፣ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። ግን የወረቀቱ ጠርዝ ተላቆ ነበር። ከሥሩ የአባቷ የእርሳስ ጽሑፍ ጭራ ብቅ ብሏል። አምስት ስሞች እላዩ ላይ ተኝተውበታል፤ ከአምስቱ አንዱ የእሷ ነው። እስክሪብቶዋ አልነካውም። ጠርዙን በጥፍሯ ያዘችና በአንድ ጊዜ ገነጠለችው።

መምህሩ መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡ። «‹የያዘችልኝ፦ ቁንጫ›። የማን ጽሑፍ ነው?»

«የአባቴ።»

መምህሩ በርጩማውን ቀስ ብለው አቀኑት፤ መገጣጠሚያዎቹን በጣታቸው ነኩ። ባለፈው እነዚሁን መገጣጠሚያዎች አይተው ለቡድኑ «እጃችሁ ይባረክ» ያሉት እሳቸው ናቸው። ጆሯቸው ቀላ።

«ሠላሳው ዜሮ ሆኗል» አሉ። «ለአምስታችሁም።»

«እስከ ዓርብ አራት ቀን አለ» አለች ቁንጫ። «እኔ እሠራለሁ።»

«በምን እጅሽ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«በእነዚህ!» ሁለቱንም አሳየችው።

«ከቆመ አየዋለሁ» አሉ መምህሩ። «ካልቆመ ዜሮው ዜሮ ነው።»

«ይሁን።»

ሬዲዮ ደወል ሲደወል ደረጃው ላይ ደረሰችባት። ዓይኗ ቀልቷል። «ስምሽን ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ ታውቂያለሽ? እንዳትወድቂ ብዬ! ለአንቺ ብዬ!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ እንደዚህ ይደረጋል?»

«ዓርብ እማዬ መጥታ በርጩማው ፊት ስትቆም ምን ልበላት? አባዬ የሠራውን እኛ ነን የሠራነው ልበላት? ንገሪኝ!»

ሬዲዮ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ደረጃውን ወረደች።

የቁንጫ እናት ማታ ነገሩን ስትሰማ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እኔ ነኝ የሰጠሁት» አለች።

«አንቺ ምን አጠፋሽ? ለማሳያ መስሎሽ ነው።»

እናቷ ተነሥታ ከመሳቢያው ቁልፍ አወጣች፤ ከቀብሩ ወዲህ ማንም ያልነካውን የሥራ ቤቱን ቁልፍ። «መጋዙ ሳይዝግ አይቀርም» አለቻት። «ዘይት ቀቢው።»

በማግስቱ ከሰዓት ቁንጫ ሥራ ቤቱን ከፈተች። ብናኙ፣ የኮላው ሽታ፣ ግድግዳው ላይ በየቦታቸው የተሰቀሉት መሮዎች፤ ሁሉም እንዳለ ነው። እርሳሱ አግዳሚው ላይ ነበር። «ምንም» ያለችበትን ገጽ ምስማር ላይ ሰካችው። አልሰረዘችውም።

ጣውላው ረጅም ነበር። አንዱን ጫፍ ሞርሳው ላይ አሰረች፤ መጋዙን ስትጀምር ግን ሌላው ጫፍ እየተንቀጠቀጠ መስመሩን አሳታት። የመጀመሪያው እግር በአንድ ጣት አጠረ። ወደ ጥግ ወረወረችው። ሁለተኛው ጠመመ። እሱንም ወረወረችው። «ከፈለግህ መቶ ጊዜ ጥመም!» አለች ለጣውላው፣ ጮክ ብላ። «እኔ ነኝ የማልሰለቸው!»

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

ሬዲዮ በሩ ላይ ቆማለች። ፊቷን አኩርፋለች።

«ሦስቱ አንመጣም ብለዋል» አለች። «አቃጣሪ እያሉሽ ነው።»

«ይበሉ።»

«እኔም ተናድጄብሻለሁ።»

«ተናደጂ።»

«አላናግርሽም።»

«አንቺ? ለስንት ደቂቃ?»

ሬዲዮ እንዳትስቅ ከንፈሯን ነከሰች። ገባች፣ የተወረወሩትን እግሮች ተረማምዳ አለፈችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ የጣውላውን ጫፍ በሁለት እጇ ያዘች።

ጣውላው ረጋ። መጋዙ መስመሩን ይዞ ሄደ። ሦስተኛው እግር ተቆርጦ ሲወድቅ ቁንጫ አንስታ ለካችው፤ ልክ ነው። ሬዲዮ ፊቷን ሳታዞር ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፣ ለእሷ ረጅም ለሚባል ጊዜ። ከዚያ አላስቻላትም።

«ሲያልቅ... ስሜን ከሥሩ ትጽፊዋለሽ?»

ቁንጫ ቀጣዩን መስመር አሰመረች። እርሳሱን ጆሮዋ ላይ ሰካችውና እንዳይወድቅ በጣቷ ጫን አደረገችው።

«መጀመሪያ ይቁም» አለችና መጋዙን አነሳች።