በቆሎው መሃል የተኛችው

ይህ የሆነ ነገር ነው። አታምኑኝ ይሆናል... ግን ሆኗል።

ያለፈው ክረምት፣ ፍኖተ ሰላም፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

ያምሮትና ስመኘው ለገበሬዎች ማሠልጠኛ የሚሆን የቪአር መነጽር ሠርተው፣ ሰው ላይ እየሞከሩት ነበር። መነጽሩን ያደረገ ሰው ራሱን በቆሎ ማሳ ውስጥ ያገኘዋል። እየተራመደ ተምች የበላውን ቅጠል ይፈልጋል። ያምሮት ደግሞ እሱ የሚያየውን በላፕቶፕ እየተከታተለች የት ላይ እንደሚቸገር ታያለች።

መጀመሪያ የሞከሩት የቡሬው ገበሬ አያ ደረሰ ናቸው።

ጥሩ ሄዱ። መሃል ላይ ሲደርሱ ግን... ቆሙ። ከዚያ ዞር ብለው በጎን አለፉ።

«አያ ደረሰ፣ ለምን ዞሩ?»

«ሴት ተኝታ የለ እንዴ? ልርገጣት?»

ላፕቶፑ ላይ የሚታየው ባዶ ፈር ነው። ያምሮት ቀልድ መሰላትና ሳቀች።

እሳቸው አልሳቁም።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ከሽንዲ የመጡት እማማ ዓባይነሽ ገቡ። ሁለቱ አይተዋወቁም፤ ደጅም አልተገናኙም።

እማማም እዚያው ቦታ ላይ ቆሙ።

«ዝም በሉ...» አሉ በሹክሹክታ። «ተኝታለች።»

«ማን?»

«እኔ ምኑን አውቄ...» ድንገት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። «ተነሣች።»

ያምሮት ስመኘውን አየችው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሰው አልሠራሁም» አላት። «በቆሎ ብቻ ነው የሠራሁት።»

«ልጄ... አንቺን ነው እምታይ» አሉ እማማ።

መነጽሩን መንጭቀው አወለቁት። ስመኘው መኪና ሊያሳፍራቸው ወደ መናኸሪያ ይዟቸው ሄደ።

ያምሮት ብቻዋን ቀረች።

ሥራውን የምታስረክበው በማግስቱ ነው። በዓይኗ ሳታይ እንቅልፍ አይወስዳትም። መነጽሩን አጠለቀችው።

ማሳው ጭር ብሏል። ሰው የለም።

መሃል ላይ ግን በቆሎው ተደፍጥጧል... ልክ ሰው አሁን እንደተነሣበት መደብ።

ለማየት ጎንበስ አለች።

ያኔ ከኋላዋ አንድ እጅ የመነጽሩን ማሰሪያ ቀስ አድርጎ አጠበቀላት።

«ስመኘው፣ ተመለስክ እንዴ? አላላው፣ አመመኝ።»



ኪሷ ውስጥ ስልኳ ጮኸ። በዳበሳ አነሣችው።

ስመኘው ነው።

«መናኸሪያ ደርሰናል» አላት። «እማማ ግን እየተቆጡኝ ነው።»

«ምን ብለው?»

«ሁለቱን ሴቶች ለብቻቸው ጥለህ ለምን መጣህ ይሉኛል።»

ያምሮት ማሰሪያውን ልትፈታ እጇን ወደ ኋላ ሰደደች...

ጣቶች ነካች። እርጥብ... አፈር ያለባቸው ጣቶች።

እናት ልጇን ከእሳት እንደምትከለክል፣ እጇን ቀስ አድርገው ወደ ታች መለሱላት።