ቶሎቶሎና ያልበሰበሰው ፍግ

ቶሎቶሎ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ከልብስ ሰፊው ሱቅ ጀርባ፣ በጠባቡ መተላለፊያ መጨረሻ ባለችው ቤት ከአያቷ ጋር ትኖራለች። እናቷ ያወጣችላት ሌላ ስም ነበራት፤ ግን ሁሉን ነገር በጥድፊያ ስለምታደርግ ሰፈሩ ሁሉ ቶሎቶሎ ይላታል። ስትሮጥ ጥላዋ ደክሞት መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ሲያርፍ በዓይኔ አይቻለሁ። አትሳቁ ልጆች፤ የዛሬው ነገር ለሳቅ አይሆንም።

አያቷ ግንበኛ ነበሩ። ሥራ ሲያቆሙ ጓሯቸው ውስጥ ሁለት መደብ ሠሩ። መደቦቹ ከመስተካከላቸው የተነሳ ጉንዳን እንኳ በላያቸው ሲሄድ መስመሩን አይስትም ነበር። በዚያ ዓመት ሃያ የቲማቲም ችግኝ ተከሉ። ዘሩን አድርቀው በጨርቅ የቋጠሩት ባለቤታቸው ነበሩ። እሳቸው ካረፉ ዓመት አልፏል። ከቋጠሮው የቀረ አንድም ፍሬ የለም።

አያቷ ዓይናቸውን ሊታከሙ ለአሥር ቀን ሆስፒታል ሊገቡ ሆነ። ቶሎቶሎ ጎረቤታቸው፣ ልብስ አጣቢዋ እትዬ ዘንድ እንድታድር ተስማሙ።

«ስሚኝ ልጄ» አሏት አያቷ። «ጠዋት ጠዋት ሥሩን አጠጪ፤ ቅጠሉን አታርሺው። እርጥበቱ እንዳይሸሽ አፈሩን ደረቅ ሣር አልብሺው። ጉድጓድ ውስጥ ያለውን የእትዬን ዶሮዎች ኩስ ግን እንዳትነኪ። ከቅጠልና ከአመድ ጋር ሦስት ወር ይበስብስ። ሽታው ጠፍቶ አፈር አፈር ሲል ነው የሚሆነን።»

«ሦስት ወር ሙሉ?»

«ትኩሱ ሥር ያቃጥላል።»

«እሺ አባባ።»

እሺ ማለት ምን ይከብዳል? ሦስት ቀን በደንብ አጠጣች። በአራተኛው ቀን ችግኞቹን ለካቻቸው። ጣት እንኳ አልጨመሩም። «አባባ ሲመጣ ጣራ ላይ ደርሰው ይያቸው» አለች ለራሷ። ከጉድጓዱ ትኩሱን ኩስ በጣሳ እየዛቀች በየችግኙ ግርጌ ከመረችው።

ቅጠሉ መጀመሪያ ቢጫ ሆነ። ቀጥሎ ዳር ዳሩ እሳት እንደነካው ወረቀት ተኮማተረ። በዘጠነኛው ቀን ሃያውም ተጋድመው አገኘቻቸው። ነቀለቻቸውና ከአጥር ጀርባ ወረወረቻቸው። ከዚያም፣ ልጆች፣ የባሰውን አደረገች። አፈሩን በጣቶቿ እንደ ዶሮ ጫረችው።

በማግስቱ አያቷ ዓይናቸው ታሽጎ፣ እትዬ ክንዳቸውን ደግፈዋቸው መጡ። በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄዱ። ተንበርክከው የመጀመሪያውን መደብ ዳሰሱ። ሁለተኛውን ዳሰሱ።

«የት ሄዱ?»

«የእትዬ ዶሮዎች ጫሯቸው» አለች ቶሎቶሎ።

«የኔ ዶሮዎች? ተዘግቶባቸው ነው እኮ የሚውሉት» አሉ እትዬ።

«አይቻቸዋለሁ።»

እትዬ የተጫረውን አፈር አዩ። «ጋሼ፣ የባለቤትዎ ዘር ነበር አይደል?»

«የመጨረሻው ነበር።»

«እንግዲያው ነገ ወስጄ ለሰው እሰጣቸዋለሁ። በዶሮ የተነሳ ከእርስዎ ጋር አልቀያየምም።»

ዝናብ ሲበረታና ልብስ አልደርቅ ሲል፣ እትዬ የሚኖሩት በእነዚያ ዶሮዎች እንቁላል ነበር። ቶሎቶሎ ይህን ታውቃለች። አሥር ቀን ከዚያው እንቁላል በልታለች።

ጠዋት በአጥሩ ቀዳዳ አየች። እትዬ የዶሮዎቹን እግር በልብስ ማስጫ ገመድ ያስራሉ። አንዷን ላባዋን እያሻሹ፣ «ምን ላድርግሽ? አንቺም አርፈሽ አትቀመጪም» ይሏታል።

የቶሎቶሎ ልብ ከመምታቱ ብዛት የአጥሩ ቆርቆሮ ተንኳኳ። ያን ቀን እግሯ አልሮጥ አላት። እስከ እትዬ በር አሥር እርምጃ ነው፤ አሥር ዓመት ፈጀባት።

«እትዬ፣ ይፍቷቸው። እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገረቻቸው። እትዬ ገመዱን ከየዶሮዎቹ እግር ፈቱ።

«ለኔ ነግረሽኛል» አሉ በመጨረሻ። «ለአያትሽ ግን እኔ አልነግርልሽም።»

አያቷ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ሰሟት።

«የችግኙስ ይሁን፤ ችኮላሽ ነው» አሉ። «አብልታ ያሳደረችሽን ሴት ስም ማጉደፍሽ ግን እንዴት አስቻለሽ?»

«አባባ፣ ይቅር በለኝ።»

«ምሬሻለሁ። አሁን ፈጣሪሽንም ይቅርታ ለምኚ። ከዚያ አካፋውን አምጪ፤ የጉድጓዱን ፍግ የምታገላብጪው ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ነሽ።»

አንዱ ችግኝ ከአጥር ጀርባ አቆጠቆጠ ብዬ ባወራችሁ ደስ ባለኝ። አላቆጠቆጠም። ያ ዘር ጠፋ። ቶሎቶሎ በየሳምንቱ ፍጉን አገላበጠች፤ በሦስተኛው ወር ጥቁርና ልም ሆኖ ከእጇ ላይ ተፈረፈረ። ከመደቡ አፈር ጋር ደባልቃ ካሮት ዘራች። የመጀመሪያውን እቅፍ ካሮት ነቅላ እትዬ በር ላይ ቆመች። እትዬም «ግቢ ልጄ» አሏት።

ልጆቼ፣ ያጠፋችሁትን በሌላ ሰው ላይ አታላክኩ፤ በእናንተ ፈንታ ማንም ሳይጎዳ እውነቱን ተናገሩ።